የ1986ቷን ካምፐር ከውስጥ ማደስ፦ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት መጨረሻ

መኪናዋ ጎተራ ገብታለች። ቮልስዋገን ቲ3 ካምፐር፣ ማለትም ማደሪያ መኪና ናት፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1986 ምርት፣ ውስጧን ዌስትፋሊያ የሚባል ድርጅት የሠራው፣ ጆከር የሚሏት ዓይነት። ሞተሯ ከኋላ ነው፤ 1.6 ሊትር ቱርቦ ናፍጣ፣ 70 የፈረስ ጉልበት። ሞተሩ ጤነኛ ነው፣ ቺንጊያውም በቅርቡ ተቀይሯል። ስለዚህ እዚህ ስለ ሞተር ብዙ አልጽፍም። የኔ ሥራ ውስጡ ነው፦ ወለሉ፣ ግድግዳው፣ ኩሽናው፣ አልጋው፣ መብራቱ።

ቦታው ጀርመን ውስጥ፣ ከኮሎኝ ከተማ ወጣ ብሎ ያለ የገበሬ ጎተራ ነው። ጣሪያና መብራት አለው፣ ማሞቂያ የለውም። ብርዱን እዚያው ነው የምናሳልፈው።

ማስታወሻውን በአማርኛ የምጽፈው የሚፈልገው ሰው ይኖራል ብዬ ነው። አዲስ አበባ ሆኖ አሮጌ ሚኒባስ ወደ ማደሪያ መኪና መለወጥ የሚያስብ ካለም አብዛኛው ነገር ይሠራለታል። ላሜራ የትም ላሜራ ነው፣ ውሃም የትም ውሃ ነው።

አንድ ነገር ቀድሜ ላስቀምጥ። ጀርመን ውስጥ 30 ዓመት የሞላው መኪና፣ ይዞታው ጥሩ ከሆነ፣ መጨረሻው ላይ ኤች ፊደል ያለበት ታርጋ ማግኘት ይችላል። ከዚያ በኋላ ግብሩ በዓመት 191.73 ዩሮ ነው፣ የሞተሩ መጠን ምንም ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንዲህ ያለች ማጣሪያ የሌላት አሮጌ ናፍጣ ያለዚያ ታርጋ እንደ ኮሎኝ ባሉ ከተሞች የአየር ጥበቃ ክልል ውስጥ መንዳት አይፈቀድላትም። በምላሹ መኪናዋ የዘመኗን መልክ መጠበቅ አለባት። ስለዚህ ቪዲዮ ላይ እንደምናየው ሁሉን ነቅሎ በነጭ ጣውላ መሸፈን እኔ ጋ የለም። ካቢኔቶቹን አውጥቼ፣ ከጀርባቸው ያለውን አድኜ፣ እዚያው እመልሳቸዋለሁ። እውነቱን ለመናገር ታርጋው ባይኖርም እንዲሁ ነበር የማደርገው። እነዚያን ካቢኔቶች ያቀዱት ሰዎች ሥራቸውን ያውቁ ነበር። አንዲት መሳቢያ እንኳ ያለ ምክንያት አልተቀመጠችም።

ኅዳር መጀመሪያ፦ ማውጣት

ማንኛውም ዕቃ ከመፈታቱ በፊት ፎቶ ይነሳል። ብሎኖቹ በየፌስታሉ ይገባሉ፣ በላዩም ከየት እንደወጡ ይጻፋል። "ኩሽና፣ ታች፣ በበሩ በኩል" እንዲህ እያልኩ። አሰልቺ ነው፣ ግን ዕቃው የሚመለሰው ከወራት በኋላ ስለሆነ በጭንቅላት የሚያዝ ነገር አይደለም።

ኩሽናው ከሹፌሩ ጀርባ በግራ ግድግዳ በኩል ተደርድሯል፤ ምድጃው፣ ሳፋው፣ ፍሪጁ። እሱ ሲወጣ ግድግዳው ተራቆተ። ከኮምፔንሳቶው ጀርባ በፕላስቲክ የተጠቀለለ የመስታወት ሱፍ አለ። ከላይ ደረቅ ነው። ከታች በኩል ስጨምቀው ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ዝናብ ከዘነበ ሰነባብቷል፤ ውሃው እዚያው ተቀምጦ ከርሟል ማለት ነው።

ይህን ሥራ የሚወስነው ውሃ ነው፤ ቀለሙ፣ ጨርቁ፣ እንጨቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ውሃ ወደ አሮጌ ካምፐር የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከውጭ ነው፣ በመስኮት ጎሚኒና በላሜራ ስፌት በኩል። ሁለተኛው ከውስጥ ነው፣ ከሰዎቹ ትንፋሽና ከምግቡ እንፋሎት። የመጀመሪያውን ሁሉም ይፈራል። ሁለተኛውን ብዙ ሰው አያስበውም። ሁለት ሰው ሌሊቱን ተኝቶ ሲያድር ግማሽ ሊትርና ከዚያ በላይ ውሃ በትንፋሽና በላብ ያወጣል። ያ ሁሉ የሆነ ቦታ ማረፍ አለበት፣ የሚያርፈውም ቀዝቃዛው ላሜራ ላይ ነው።

ኅዳር አጋማሽ፦ ዝገት

ቲ3 የሚበሰብሰው ስፌቱ ላይ ነው። ሁለት ላሜራ በሚገናኝበት መስመር ፋብሪካው ማሸጊያ ሞልቶበታል። ማሸጊያው ከዓመታት በኋላ ይደርቅና ይሰነጠቃል። በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ መውጫ ግን የለውም። ዝገት ከብረት የበለጠ ቦታ ስለሚፈልግ ማሸጊያውን እየገፋ ያወጣዋል፣ ስንጥቁም ይሰፋል፣ ሌላ ውሃ ይገባል። ከውጭ የሚታየው ቀጭን ቡናማ መስመር ብቻ ነው። በካቻቪቴ ጫፍ ጫን ሲሉት ግን ቀለሙ ይላጥና ከሥሩ የረገፈ ብረት ይፈስሳል።

ብየዳውን ብቻዬን አልነካውም። አንድ አባት አሉ፣ ቤተ ክርስቲያን የተዋወቅናቸው፣ አዲስ አበባ ዕድሜያቸውን በባትላሜራ ሥራ ያሳለፉ። አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ቅዳሜ ጠዋት መጡና ምንም ሳይናገሩ በመዶሻ እጀታ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች እያንኳኩ ዞሩ። ደህናው ላሜራ ጥርት ብሎ ይጮኻል። የተበላው ድምፁ የታፈነ ነው። በጠመኔ እያከበቡ ሄዱ። ከኩሽናው ጀርባ አንድ፣ ከተንሸራታች በሩ ሐዲድ ሥር አንድ፣ ከኋላ ጎማው በላይ አንድ።

"ጋሼ፣ ትንሿን እንኳ በስቱኮ ብናልፋትስ?"

"ልጄ፣ ስቱኮ ውሃ ይጠጣል። ላሜራ በጎደለበት ላሜራ ነው የሚገባው። ደግሞ አንተ ጠፍሮ የያዘህ ሰው የለ፣ ምን ያስቸኩልሃል?"

ቆርጠን አወጣነው። የተበላውን ብቻ ሳይሆን፣ የሚያብረቀርቅ ጤነኛ ብረት እስኪገኝ ድረስ። አዲሱን ላሜራ በካርቶን ለክተን ቆረጥን። ጋሼ የሚበይዱት ነጥብ በነጥብ ነው። አንድ እዚህ፣ አንድ ከዚያ ማዶ፣ ከዚያ ይጠብቃሉ፣ እጃቸውን አስጠግተው ሙቀቱን ያያሉ። በአንድ መስመር ከቀጠሉ ቀጭኑ ላሜራ ሞቆ ይጣመማል፣ ያን ማቃናት ደግሞ ሌላ ሥራ ነው። ከመበየዱ በፊት የባትሪው ተርሚናል ተፈትቷል፣ ሱፉ ሁሉ ወጥቷል፣ የእሳት ማጥፊያው አጠገባችን ነው።

የሥራ ቅደም ተከተሉን በደንብ ልጻፈው፣ ምክንያቱም ሲዛባ ያየሁባቸው መኪኖች አሉ። መጀመሪያ ብየዳ። ከዚያ አንቲረስት፣ ከዚያ የስፌት ማሸጊያ፣ ከዚያ ቀለም። የውስጥ ክፍተቶቹ ውስጥ የሚረጨው የፀረ ዝገት ቅባት መጨረሻ ነው የሚገባው። ቅባት የገባበት አጠገብ ብየዳ ከተሠራ ይቃጠላል፣ ቅባት የነካው ላሜራ ላይም ሙጫ አይዝም።

ታኅሣሥ፦ መስኮቶች

የጎን መስኮቶቹ ጎሚኒ ደርቆ ድንጋይ ሆኗል። አዲስ ገዝቻለሁ። ሲጎትቱት የሚለጠጥና ሲለቁት የሚመለስ መሆን አለበት፤ ርካሹ ሲጎተት እንደዛው ይቀራል።

አገባቡን ላሳያችሁ፣ ቆንጆ ዘዴ ነው። ጎሚኒው መጀመሪያ መስታወቱ ላይ ይለበሳል። በውጭ ጠርዙ ዙሪያ አንድ ጎድጓዳ መስመር አለ። በዚያ መስመር ውስጥ ጠንካራ ሲባጎ ዙሪያውን ይገባል፣ ሁለቱ ጫፎች ታች ላይ ተደራርበው ይወጣሉ። ጎሚኒው በሳሙና ውሃ ይታሻል። መስታወቱ ከውጭ ቦታው ላይ ይደገፋል፣ የሲባጎው ጫፎች ወደ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ሰው ከውጭ በመዳፉ ጫን ይላል፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ ብሎ ይስባል። ሲባጎው ሲወጣ የጎሚኒውን ከንፈር ከላሜራው ጠርዝ በላይ ገልብጦ ያስቀምጠዋል። አንድ ሳንቲም፣ ሌላ ሳንቲም፣ እያለ ይዞራል። ባለቤቴ ከውስጥ ነበረች፣ እኔ ከውጭ። መጨረሻ ማዕዘኑ ላይ "ጧ" ብሎ ሲገባ ሁለታችንም ጮህን።

ከዚያ የውሃ ፍተሻ። ይህ ግድግዳው ሳይሸፈን ነው መደረግ ያለበት። አንድ ሰው ውስጥ በባትሪ መብራት ይቀመጣል፣ ሌላው ውጭ ጎማ ይዞ ውሃ ያፈስሳል። የሚጀመረው ከታች ነው። ከላይ ከተጀመረ ውሃው ሁሉንም እያጠበ ስለሚወርድ የትኛው እንደሚያፈስ አይታወቅም። ከታች ጀምሮ እየቆዩ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ጠብታው ሲመጣ ቦታው ያ ነው። እኛ ጋ ሦስቱም የጎን መስኮቶች ደረቅ ናቸው። ያፈሰሰው የቀድሞው ባለቤት ጣሪያው ላይ የበሳው የአንቴና ቀዳዳ ነው። ጋሼ ዘጉት።

ለሁለት ሳምንት ያህል ብርዱ በረታና ሥራ ቆመ። ሙጫውም ቀለሙም በቀዝቃዛ ላሜራ ላይ አይሠራም፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ሙቀት ማክበር ነው።

ጥር፦ ግድግዳና ወለል

የመስታወት ሱፉን አልመለስኩትም። ውሃ ይዞ ከላሜራው ጋር ያቆየዋል። በምትኩ 19 ሚሊሜትር አርማፍሌክስ ነው የለጠፍኩት። ጥቁር ጎማ የሚመስል ነገር ነው፣ ቀዳዳዎቹ እያንዳንዳቸው ዝግ ስለሆኑ ውሃ አያሳልፍም። ጥቅሙን በቁጥር ላስረዳ። ውስጡ 20 ዲግሪ ሆኖ የአየሩ እርጥበት 60 በመቶ ቢሆን፣ ከ12 ዲግሪ በታች የሆነ ማንኛውም ነገር ላይ ጤዛ ይይዛል። በጀርመን ጥር ወር ላሜራው ዜሮ ነው። ስለዚህ ዋናው ሙቀት ማቆየቱ አይደለም፤ ትንፋሻችን ላሜራው ጋ እንዳይደርስ ማድረግ ነው። ለዚህ ነው ከላሜራው ጋር ሙሉ በሙሉ መጣበቅ ያለበት፣ ከጀርባው አየር ሳይቀር፣ መገጣጠሚያዎቹም ተጣብቀው።

ሁለት ቦታ ግን አልነካሁም። ባዶ የሆኑት ምሰሶዎች ውስጥ ምንም አልሞላሁም፤ እነሱ የቅባቱ ቦታ ናቸው። በበሮቹና በደረጃው ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎችም አልደፈንኩም፤ እንዲያውም በሽቦ ጠረግኳቸው። የትኛውም መኪና ላይ ይሁን፣ ሚኒባስም ቢሆን፣ እነዚያን ቀዳዳዎች ፈልጋችሁ አጽዱ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው፣ በሩን ከመበስበስ ያድናል።

ወለሉ ፈጣን ነበር። ቀጭን ፎም፣ በላዩ 9 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ፣ በላዩ ሊኖሊየም። የኮምፔንሳቶውን ጠርዝ በቫርኒሽ ደጋግሜ ቀባሁት፣ ውሃ የሚጠጣው በጠርዙ ነውና።

የካቢኔቶቹ የታችኛው ጥቂት ሳንቲም ክፍል አብጧል። እነዚያን ቁራጮች ብቻ ነው የምቀይረው። እንጨት ስመርጥ ክብደቱን አሰላሁ። አንድ ሙሉ የበርች ኮምፔንሳቶ፣ 2.5 ሜትር በ1.25፣ 15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው፣ ወደ 32 ኪሎ ይመዝናል። የፖፕላሩ 20 ኪሎ አካባቢ ነው። ፖፕላር ለስላሳ ነው፣ ብሎን እንደ በርች አይዝም፣ ግን ለዚህ ይበቃል። 70 ፈረስ ላለው መኪና እያንዳንዱ ኪሎ ዳገት ላይ ይታወቃል።

የካቲት፦ መብራት

የቀድሞው ባለቤት የጨመራቸውን ሽቦዎች በሙሉ አውጥቻለሁ። የቤት መብራት ሽቦ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ፣ ፊውዝ የሌለው ሁሉ ነበረበት። አሮጌ መኪና የሚያቃጥለው ይሄ ነው።

መጀመሪያ ሒሳብ። አዲሱ ባለ ኮምፕረሰር ፍሪጅ ሲሠራ 45 ዋት ይወስዳል፣ ግን ከጊዜው ሲሶውን ያህል ብቻ ነው የሚሠራው። በቀን 360 ዋት ሰዓት ማለት ነው። መብራቱ 40፣ ስልኮች 40፣ የውሃ ፓምፗ ከቁጥር አትገባም። በጠቅላላው 450 አካባቢ። ባለ 100 አምፔር ሰዓት ሊቲየም ባትሪ፣ ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው፣ 1280 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሳንነዳ ሁለት ቀን ተኩል ያህል እንቆማለን።

"ምጣድስ?" ያለኝ ሰው አለ። አይሆንም። አገር ቤት ያለው የኤሌክትሪክ ምጣድ 3500 ዋት አካባቢ ነው የሚፈልገው፤ ባትሪው ሙሉ ቢሆን እንኳ ወደ ሃያ ደቂቃ ውስጥ ያልቃል፣ ከ12 ቮልት ያን ያህል ኃይል የሚያወጣ መሣሪያና ኬብል ማስገባቱም ሌላ ጣጣ ነው። እንጀራው ቤት ተጋግሮ ነው የሚመጣው።

ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች መሞላት የለበትም፣ ይጎዳል። ስለዚህ ባትሪው ውስጥ ከሶፋው ሥር ነው፣ ብርድ ሲሆን መሙላቱን ራሱ የሚያቆም ዓይነት። ዲናሞው 65 አምፔር ብቻ ስለሆነ ባትሪውን በቀጥታ አላገናኘሁትም። ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ይስባል፣ አሮጌውን ዲናሞ ያነድደዋል። በመሃል 25 አምፔር ላይ የሚገድብ ቻርጀር ገብቷል።

የኬብል ውፍረት ብዙ ሰው በግምት ነው የሚያደርገው። ፍሪጁ 4 አምፔር ይስባል እንበል፣ ከባትሪው 4 ሜትር ይርቃል፤ ሄዶ መመለሱ 8 ሜትር ነው። በ1.5 ካሬ ሚሊሜትር ኬብል 0.37 ቮልት መንገድ ላይ ይጠፋል። በ4 ካሬ ግን 0.14 ብቻ። ትንሽ ልዩነት ይመስላል። ፍሪጁ ግን ሲነሳ ብዙ ይስባል፣ ቮልቱ ዝቅ ካለ ራሱን ያጠፋል፣ ሰዉም ባትሪው ደክሟል ይላል። 4 ካሬ ነው ያስገባሁት። ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ጥግ ነው፣ ርቆ አይደለም። ፊውዝ የሚጠብቀው ኬብሉን ነው፣ ስለዚህ ኬብሉ በሚጀምርበት ነው የሚቀመጠው።

መጋቢት፦ ኩሽናና ጋዝ

ኩሽናው ተመለሰ። እነዚያ ፌስታሎች ውለታቸውን ከፈሉ።

ምድጃው የድሮው ነው፣ ሁለት እሳት። ጎኑ ላይ የጋዙ ግፊት 50 ሚሊባር ተብሎ ተጽፏል። ዛሬ የሚሸጡት የካምፐር ምድጃዎች 30 ናቸው። ሬጉላተር ስትገዙ ምድጃው ላይ ያለውን አንብቡ፣ የግድ መመሳሰል አለበት። ቱቦዎቹን በሙሉ ቀይሬያለሁ። የሲሊንደሩ ሳጥን ሥር ያለው ቀዳዳ በምንጣፍ ተሸፍኖ ነበር፤ ከፈትኩት። ፕሮፔን ከአየር ይከብዳል፣ ካፈተለከ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ መውጫው እዚያ መሆን አለበት። የጋዝ ፍተሻውን ግን ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው የሚያደርገው። እዚህ አገር ከጁን 2025 ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ግዴታ ሆኗል፣ መሆኑም ደስ ይለኛል።

የኔ ትልቁ ደስታ ጀበናው ነው። የሸክላ ጀበና በዚህ ምድጃ ፍርግርግ ላይ ይወላገዳል፤ ታቹ ክብ ነው፣ እሳቱም በአንድ በኩል ይመታዋል። ጋሼ ከክብ ብረት ቀለበት አጥፈው፣ ሦስት አጫጭር እግር በየዱለት። ፍርግርጉ ላይ ቁጭ ይላል፣ ጀበናው በውስጡ ይቀመጣል፣ መኪናዋን ቢነቀንቋትም አይወድቅም። ለማስቀመጫ ደግሞ ከሳፋው ሥር ያለችው መሳቢያ ውስጥ ክብ የተቆረጠበት ጣውላ ገባ፣ ጠርዙ በወፍራም ጨርቅ የተሸፈነ፤ ጀበናው እስከ ሆዱ ይገባበታል። ከጎኑ ስድስት ትናንሽ ክብ ለስኒዎቹ። እስከ ጎተራው መውጫ በኮረኮንቹ ላይ ነዳሁና ተመለስኩ፤ አንድም አልተንኳኳም። አቦል እዚያው ተፈላ፣ በረካ ድረስ ተቀመጥን።

ቡና መቁላቱ ግን ውጭ ነው። ከሰልና ዕጣን መኪና ውስጥ ፈጽሞ አይገባም። ይህን ጠንከር አድርጌ ነው የምለው፣ ምክንያቱም እኛ ዘንድ የተለመደ ነገር ነው። የከሰል ጭስ ቢጠፋም እንኳ ፍሙ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ሽታ የለውም፣ እንቅልፍ ላይ ያለን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ማስጠንቀቂያው መሣሪያ ከአልጋው ራስጌ ተሰቅሏል፣ የጋዙ ደግሞ ታች ወለሉ አጠገብ።

እንጀራው ከመደርደሪያው በላይ ጠፍጣፋ ሳጥን አለው፣ 45 በ45 ሳንቲም፣ ጎኖቹ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆኑ። በላስቲክ ታፍኖ ከተቀመጠ ቶሎ ይሻግታል፤ በጨርቅ ተጠቅልሎ አየር ሲያገኝ ይቆያል።

ሚያዝያ፦ አልጋና የቀረው

ስፖንጁ አዲስ ነው፣ ጠንከር ያለው። ጨርቁን የሰፋችው ባለቤቴ ናት፣ ቡናማ ካሬ፣ ከድሮው ጋር የሚቀራረብ። ከፍራሹ ሥር ያለውን ጣውላ በሰፊ መሰርሰሪያ በረድፍ በሳሁት። የሰው ሙቀትና ላብ በስፖንጁ አልፎ ቀዝቃዛው ጣውላ ላይ ይረጥባል፣ አየር ካላገኘ ፍራሹ ከሥሩ ይሻግታል። በየሌሊቱም አንድ መስኮት በጣት ያህል ክፍት ይደር፣ ቢበርድም። የትኛውም ሙቀት መከላከያ ይህን አይተካም።

የቀረው ወደ ላይ የሚነሳው ጣሪያ ዙሪያ ያለው ሸራ ነው። የድሮው መታጠፊያው ላይ ተሰነጣጥቋል። አዲሱ ታዟል፣ ጥጡ ያለበት ሸራ፣ እንደ ድሮው። ሙሉ ፕላስቲኩ ርካሽ ነው ግን ትንፋሽ አያሳልፍም፣ ጠዋት ያንጠባጥባል። ሲደርስ ጣሪያውን ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፣ ጋሼም ልጃቸውን ይዘው እንደሚመጡ ነግረውኛል። የጋዝ ፍተሻው ቀጠሮ ከፋሲካ በኋላ ባለው ሳምንት ነው፣ ከዚያ የታርጋው ምርመራ። የመኪናውን ክብደት ውሃውንና ዕቃውን ሞልቼ አስመዝንና ቁጥሩን እዚሁ እጽፈዋለሁ።